ጥንድ ከዋክብት፦ ምንድን ናቸው? በአነስተኛ ቴሌስኮፕ ለመመልከትስ እንዴት ይታቀዳል?

በባዶ ዓይን አንዲት ነጥብ መስሎ የሚታይ ኮከብ ብዙ ጊዜ ብቻውን አይደለም። ከፀሐይ ጋር ከሚመሳሰሉ ከዋክብት ግማሽ ያህሉ ቢያንስ አንድ ተጓዳኝ ኮከብ እንዳላቸው የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች ይገልጻሉ። ከእነዚህ መካከል በሺዎች የሚቆጠሩት ከቤት በረንዳ ወይም ከግቢ ውስጥ በተተከለ አነስተኛ ቴሌስኮፕ ተለይተው ሊታዩ ይችላሉ።

ጋላክሲዎችንና ደብዛዛ የጋዝ ደመናዎችን ለማየት ከከተማ መብራት የራቀ ጨለማ ሰማይ ያስፈልጋል። ጥንድ ከዋክብት ግን የነጥብ ብርሃን በመሆናቸው ቴሌስኮፑ ሲያጎላ የሰማዩ ዳራ ይጨልማል፣ ከዋክብቱ ግን ድምቀታቸውን እንደያዙ ይቆያሉ። በዚህ ምክንያት በአዲስ አበባ፣ በናይሮቢ ወይም በካርቱም መካከል፣ ሙሉ ጨረቃ በወጣችበት ምሽት ሳይቀር ደማቅ ጥንዶችን መመልከት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ያለ ዕቅድ የሚጀመር ምልከታ ብዙውን ጊዜ በብስጭት ይጠናቀቃል። ተመልካቹ ለቴሌስኮፑ የማይመጥን ጥንድ ይመርጣል፤ ወይም ኮከቡ ወደ አድማስ ካዘቀዘቀ በኋላ ይፈልገዋል፤ አልያም በአሮጌ መጽሐፍ የሰፈረ ቁጥር ይዞ ዛሬ በዚያ ቦታ የሌለ ተጓዳኝ ሲያስስ ያመሻል። ይህ ጽሑፍ ጥንድ ከዋክብት ምን እንደሆኑ፣ መረጃቸው ከየት እንደሚገኝ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ሰማይ ሥር የአንድ ሌሊት ምልከታ እንዴት እንደሚታቀድና ውጤቱ እንዴት እንደሚመዘገብ ያብራራል።

ሁለት ዓይነት ጥንዶች

ጥንድ ከዋክብት በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ በአጋጣሚ በአንድ አቅጣጫ የሚታዩ፣ ነገር ግን እርስ በርስ የማይገናኙ ናቸው። አንደኛው ከሌላኛው እጅግ ርቆ ሊገኝ ይችላል፤ ከምድር ሲታዩ ብቻ ጎረቤት ይመስላሉ። ሁለተኛዎቹ በስበት ኃይል የተሳሰሩና በጋራ የክብደት ማዕከላቸው ዙሪያ የሚዞሩ እውነተኛ ጥንዶች ናቸው።

በዓይን ብቻ በማየት አንዱን ዓይነት ከሌላው መለየት አይቻልም። ልዩነቱ የሚታወቀው ለዓመታት፣ አንዳንዴም ለመቶ ዓመታት በተከማቸ ልኬት ነው። በወርቃማና ሰማያዊ ቀለሙ በአማተሮች ዘንድ እጅግ የሚወደደው አልቢሬዮ እንኳ እውነተኛ ጥንድ ስለመሆኑ ክርክሩ ገና አልተቋጨም።

ጉዳዩ ስም ከመስጠት ያለፈ ነው። የአንድ ኮከብ ክብደት በቀጥታ ሊታወቅ የሚችለው በዋናነት በጥንድነቱ ነው። ሁለቱ ከዋክብት አንዱን ዙር ለመጨረስ የሚወስድባቸው ጊዜና በመካከላቸው ያለው አማካይ ርቀት ከታወቀ ድምር ክብደታቸውን ማስላት ይቻላል። ለምሳሌ የአልፋ ሴንታውሪ ሁለቱ ደማቅ ከዋክብት አንዱን ዙር በ80 ዓመት ገደማ ያጠናቅቃሉ፤ አማካይ ርቀታቸውም ከምድር እስከ ፀሐይ ያለውን ርቀት 23 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ከዚህ የሚገኘው ድምር ክብደት የፀሐይን ሁለት እጥፍ ያህል ነው። ስለ ከዋክብት ዕድሜና ፍጻሜ የሚታወቀው አብዛኛው ነገር በእንዲህ ዓይነት ስሌት ላይ የተመሠረተ ነው።

ከአጋጣሚ ግኝት እስከ ትልቅ መዝገብ

በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የአፍሪካ ምድር ቀደምት ስፍራ አለው። በ1685 ወደ ሲያም የሚጓዙ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት በደቡብ አፍሪካ የመልካም ተስፋ ርዕሰ ምድር ባረፉበት ወቅት በደቡብ መስቀል ውስጥ ያለው ደማቁ አክሩክስ ሁለት ኮከብ መሆኑን ተመለከቱ። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ የዚያው ማኅበር አባል የሆኑት ዣን ሪሾ በህንድ ፖንዲቸሪ ሆነው አልፋ ሴንታውሪ ጥንድ መሆኑን አስተዋሉ።

የዘርፉን መሠረት የጣሉት ግን ዊሊያም ሄርሸል ናቸው። ሄርሸል ጥንዶችን መመዝገብ ሲጀምሩ ዓላማቸው የከዋክብትን ርቀት መለካት ነበር። በ1782 የ269 ጥንዶች ዝርዝር ይፋ አደረጉ። ከሃያ ዓመት በኋላ ብዙዎቹን መልሰው ሲለኩ ግን ያልጠበቁትን አገኙ፤ አንዳንዶቹ ጥንዶች እርስ በርስ ሲዞሩ ተገኙ። በ1803 ይፋ የሆነው ይህ ግኝት የስበት ሕግ ከሥርዓተ ፀሐይ ውጪም እንደሚሠራ ያሳየ የመጀመሪያው ማስረጃ ሆነ።

በ1827 ፍሬድሪሽ ቪልሄልም ሽትሩቨ በዛሬዋ ኢስቶኒያ ከሚገኘው የዶርፓት የምልከታ ጣቢያ ከ3,000 በላይ ጥንዶችን የያዘ መዝገብ አወጡ። በቺካጎ የፍርድ ቤት ቃል ጸሐፊ የነበሩት ሸርበርን ዌስሊ በርንሃም ደግሞ ሥራቸውን ሳይለቁ ስፋቱ 15 ሴንቲ ሜትር በሆነ ቴሌስኮፕ ቀደምት ባለሙያዎች ያላዩዋቸውን በርካታ ጥንዶች አገኙ። ሮበርት ኢነስም በሲድኒ የወይን ጠጅ ነጋዴ ሳሉ በትርፍ ጊዜያቸው የደቡብ ሰማይ ጥንዶችን ሲፈልጉ ቆይተው ወደ ደቡብ አፍሪካ አቀኑ። በጆሃንስበርግ የነበረውን የምልከታ ጣቢያ የመሩትም፣ በ1915 ለፀሐይ ቅርብ የሆነውን ፕሮክሲማ ሴንታውሪን ያገኙትም እኚሁ ሰው ናቸው። ሁለቱም ወደ ዘርፉ የገቡት በአማተርነት ነበር።

መታወቅ ያለባቸው አራት ቁጥሮች

አንድን ጥንድ ለመምረጥ አራት ቁጥሮች ይበቃሉ፦ የሁለቱ ከዋክብት ድምቀት፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት፣ የአቅጣጫ ማዕዘን እና ልኬቱ የተወሰደበት ዓመት።

ድምቀት የሚለካው ማግኒቲዩድ በተባለ መለኪያ ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ኮከቡ ይደምቃል። ጥሩ ዓይን ያለው ሰው በጨለማ ሰማይ እስከ ማግኒቲዩድ 6 ያሉትን ያያል። የአምስት ማግኒቲዩድ ልዩነት የመቶ እጥፍ የብርሃን ልዩነት ማለት ነው።

ርቀት የሚለካው በቅስት ሰከንድ ነው። አንድ ዲግሪ በ60 ቅስት ደቂቃ፣ አንድ ቅስት ደቂቃ ደግሞ በ60 ቅስት ሰከንድ ይከፈላል። ሙሉ ጨረቃ በግምት 1,800 ቅስት ሰከንድ ስፋት አላት። አንድ ቅስት ሰከንድ ማለት ባለ አንድ ብር ሳንቲም ከአምስት ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሲታይ የሚኖረው ስፋት ነው።

የአቅጣጫ ማዕዘን ደብዛዛው ኮከብ ከደማቁ በየት በኩል እንዳለ ያመለክታል። ቆጠራው ከሰሜን ጀምሮ በምሥራቅ በኩል ይዞራል፤ ሰሜን 0፣ ምሥራቅ 90፣ ደቡብ 180፣ ምዕራብ 270 ዲግሪ ነው።

አራተኛው ቁጥር፣ ማለትም የልኬቱ ዓመት፣ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የዚህን አስፈላጊነት ፖሪማ የተባለው በቪርጎ ኅብረ ኮከብ የሚገኝ ጥንድ በሚገባ ያስረዳል። ሁለቱ እኩል ደማቅ ከዋክብት በ169 ዓመት አንዴ ይዞራሉ። በ1836 የዊሊያም ሄርሸል ልጅ ጆን ሄርሸል በደቡብ አፍሪካ ሆነው ሲመለከቱት ሁለቱ እጅግ ተቀራርበው አንድ ኮከብ መስለው ታዩአቸው። ከ169 ዓመት በኋላ፣ በ2005፣ ርቀታቸው ዳግም ወደ 0.4 ቅስት ሰከንድ ዝቅ አለና ለአነስተኛ ቴሌስኮፖች የማይለይ ሆነ። ዛሬ ከ3 ቅስት ሰከንድ በላይ ተራርቀው በቀላሉ ይታያሉ። ካስተርም እንዲሁ በ1960ዎቹ መጨረሻ ርቀቱ 2 ቅስት ሰከንድ እንኳ የማይሞላ የነበረ ሲሆን አሁን ከ5 አልፏል።

ቴሌስኮፑ ምን ያህል ይለያል?

አንድ ቴሌስኮፕ የሚለየው ትንሹ ርቀት የሚወሰነው በዋናው ሌንስ ወይም መስታወት ስፋት ነው። እንግሊዛዊው ዊሊያም ዶስ ካደረጓቸው ምልከታዎች ተነሥተው ያስቀመጡት ቀመር እስካሁን ያገለግላል፤ 116 ለሌንሱ ስፋት በሚሊ ሜትር ሲካፈል ውጤቱ በቅስት ሰከንድ ይገኛል። በዚህ መሠረት ባለ 60 ሚሊ ሜትር ቴሌስኮፕ እስከ 1.9፣ ባለ 100 እስከ 1.2፣ ባለ 150 እስከ 0.8፣ ባለ 200 ደግሞ እስከ 0.6 ቅስት ሰከንድ የተጠጉ ጥንዶችን ሊለይ ይችላል።

ነገር ግን ይህ ቀመር የሚሠራው ሁለቱ ከዋክብት በድምቀት ሲቀራረቡና አየሩ ሲረጋ ብቻ ነው። አንዱ ከሌላው በብዙ ከደመቀ ብርሃኑ ደብዛዛውን ይውጠዋል። ለዚህ ዋናው ምሳሌ ሲርየስ ነው። ተጓዳኙ ሲርየስ ቢ በማዕዘን ሲለካ ከዋናው ኮከብ በጣም የተጠጋ አይደለም፤ የድምቀት ልዩነታቸው ግን 10 ማግኒቲዩድ ያህል፣ ማለትም የ10,000 እጥፍ ነው። ፍሬድሪክ ቤሰል በ1844 በስሌት ህልውናውን ቢያመለክቱም በዓይን የታየው በ1862 ነው።

ስለዚህ ጀማሪ ተመልካች ርቀታቸው ከ5 ቅስት ሰከንድ በላይ፣ የድምቀት ልዩነታቸው ከ3 ማግኒቲዩድ በታች ከሆኑ ጥንዶች ቢጀምር ይመረጣል። ልምድ ሲያካብት ርቀቱን እየቀነሰ፣ ልዩነቱን እየጨመረ መሄድ ይችላል።

የማጉላት ኃይል የሚገኘው የቴሌስኮፑ የትኩረት ርዝመት በዓይን ሌንሱ የትኩረት ርዝመት ሲካፈል ነው። የትኩረት ርዝመቱ 900 ሚሊ ሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ በ9 ሚሊ ሜትር የዓይን ሌንስ 100 እጥፍ ያጎላል። በ2 ቅስት ሰከንድ ርቀት ያሉ ጥንዶችን በምቾት ለማየት ከ100 እስከ 150 እጥፍ ያስፈልጋል፤ በ30 ቅስት ሰከንድ ለተራራቁት ግን 20 ወይም 30 እጥፍ ይበቃል። እንዲያውም ዝቅተኛው ማጉላት የቀለም ልዩነታቸውን ይበልጥ ያጎላዋል።

መረጃው ከየት ይገኛል?

የዘርፉ ዋና ምንጭ በአሜሪካ የባሕር ኃይል የምልከታ ጣቢያ የሚጠናቀረው የዋሽንግተን የጥንድ ከዋክብት መዝገብ ነው። ከ150,000 በላይ ጥንዶችን የያዘ ሲሆን ያለ ክፍያ ይገኛል። እያንዳንዱ ጥንድ በሰማይ ላይ ካለው ቦታ የተወሰደ መለያ ቁጥር አለው። ለምሳሌ የካስተር መለያ 07346+3153 ነው። ይህም ራይት አሴንሽኑ 7 ሰዓት ከ34.6 ደቂቃ፣ ዴክሊኔሽኑ ደግሞ ከሰማይ ወገብ በስተሰሜን 31 ዲግሪ ከ53 ቅስት ደቂቃ መሆኑን ያሳያል። ራይት አሴንሽንና ዴክሊኔሽን በምድር ካርታ ላይ ያሉትን ኬንትሮስና ኬክሮስ የሚተኩ የሰማይ መስመሮች ናቸው።

ከመለያው ቀጥሎ የአግኚው ምልክት ይሰፍራል። ካስተር ኤስቲኤፍ 1110 ተብሎ የተመዘገበው በሽትሩቨ ዝርዝር ውስጥ የያዘውን ተራ ለማመልከት ነው። ከዚያም የመጀመሪያውና የመጨረሻው ልኬት ዓመት፣ የልኬቶቹ ብዛት፣ የአቅጣጫ ማዕዘኑ፣ ርቀቱና የሁለቱ ድምቀት ይዘረዘራሉ።

ምሕዋራቸው ለተሰላ ጥንዶች በዚያው ጣቢያ የተጠናቀረ ሌላ መዝገብ አለ። በዚህኛው ምሕዋሮች ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይሰጣቸዋል፤ 1 አስተማማኝ፣ 5 ደግሞ ገና ያልተረጋገጠ ማለት ነው። ስቴሌ ዶፒዬ የተባለው የጣሊያን ድረ ገጽ ደግሞ መዝገቡን በድምቀት፣ በርቀት፣ በኅብረ ኮከብና በከፍታ ለይቶ ለመፈለግ ያስችላል። ስቴላሪየም የተባለው ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም የተመልካቹን ከተማና ሰዓት ተቀብሎ ኮከቡ መቼ እንደሚወጣ፣ መቼ ከፍ እንደሚልና መቼ እንደሚጠልቅ ያሳያል። ኢንተርኔት በማይገኝበት አካባቢ የተመረጡትን ጥንዶች ቀድሞ በወረቀት ላይ መገልበጥ ይበቃል።

ሁለቱንም ሰማይ የሚያይ አካባቢ

ለምድር ወገብ መቅረብ ለምሥራቅ አፍሪካ ተመልካቾች ትልቅ ጸጋ ነው። በአውሮፓ ያለ ተመልካች የደቡብ መስቀልን ጨርሶ አያይም፤ በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ያለው ደግሞ ሚዛርን ከአድማስ እምብዛም ከፍ ብሎ አያገኘውም። በአዲስ አበባ ግን ሁለቱም ይታያሉ።

አንድ ኮከብ የሚደርስበትን ከፍተኛ ቦታ ለማወቅ ስሌቱ ቀላል ነው። በተመልካቹ ኬክሮስና በኮከቡ ዴክሊኔሽን መካከል ያለው ልዩነት ከ90 ይቀነሳል። አዲስ አበባ በሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስትሆን አክሩክስ በደቡብ 63 ዲግሪ ላይ ይገኛል፤ ልዩነቱ 72 በመሆኑ ከአድማስ በላይ 18 ዲግሪ ይደርሳል። በአስመራ 12፣ በናይሮቢ ደግሞ 28 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። ሲርየስ በለንደን ከ22 ዲግሪ የማያልፍ ሲሆን በአዲስ አበባ 64 ዲግሪ ይደርሳል። አስቸጋሪ የሆነውን ተጓዳኙን ለማየት ለሚሞክር ሰው ይህ ልዩነት ወሳኝ ነው።

ከፍታው ወሳኝ የሚሆነው በአየር ምክንያት ነው። ወደ አድማስ የቀረበ ኮከብ ብርሃኑ ወፍራም የአየር ንብርብር አልፎ ስለሚመጣ ይርገበገባል፣ ቀለሙም ይበተናል። ስለዚህ የተጠጉ ጥንዶችን ከ40 ዲግሪ በላይ ሲሆኑ መመልከት ይመከራል። እንደ አክሩክስ ያሉ ዝቅ ብለው የሚያልፉ ከዋክብት ደግሞ በሰሜንና ደቡብ መስመር ላይ በሚደርሱበት በዚያች አጭር ሰዓት ሊያዙ ይገባል።

የወቅቱ ምርጫም ከቦታ ቦታ ይለያል። በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋማ አካባቢዎች ክረምቱ ሰማዩን ስለሚሸፍነው ምቹው ጊዜ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው የበጋ ወቅት ነው። በናይሮቢ በሁለቱ የዝናብ ወቅቶች መካከል የሚውሉት ጥርና የካቲት የተሻሉ ናቸው።

የአንድ ሌሊት ዕቅድ ምሳሌ

ጥሩ ዕቅድ ከምዕራብ ይጀምራል፤ ቀድመው የሚጠልቁት ቀድመው ይታያሉ። ከዚያም ሰማዩ እየዞረ የሚያመጣቸው በየተራቸው ይከተላሉ። በአዲስ አበባ በጥር ሦስተኛው ሳምንት ለሚደረግ ምልከታ የሚከተለው ቅደም ተከተል ይስማማል።

ከምሽቱ 2 ሰዓት፦ በሰሜን ምዕራብ አልማክ ይታያል። ወርቃማው ዋና ኮከብና ሰማያዊ የሚመስለው ተጓዳኙ በ10 ቅስት ሰከንድ ገደማ ይለያያሉ። በደቡብ በኩል ደግሞ አካማር አለ፤ ሁለቱ ነጫጭ ከዋክብት በ8 ቅስት ሰከንድ ተራርቀው በ60 ሚሊ ሜትር ቴሌስኮፕ በግልጽ ይለያሉ።

ከምሽቱ 3 እስከ 4 ሰዓት፦ ኦራዮን ወደ አናት ይቀርባል። ከሦስቱ የቀበቶው ከዋክብት አንዱ የሆነው ሚንታካ በ52 ቅስት ሰከንድ ርቀት ላይ ደብዛዛ ተጓዳኝ አለው። ከቀበቶው በታች ሲግማ ኦራዮኒስ በአንድ እይታ በርካታ ከዋክብትን ያሳያል፤ በኦራዮን ኔቡላ መካከል ያሉት አራቱ የትራፔዚየም ከዋክብትም በተመሳሳይ ማጉላት ይታያሉ። ሪጀል ለጀማሪ ጥሩ ፈተና ነው፤ ተጓዳኙ በ9.5 ቅስት ሰከንድ ርቀት ላይ ቢሆንም ከ6 ማግኒቲዩድ በላይ ይደበዝዛል።

ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ፦ ቤታ ሞኖሴሮቲስ ይቀጥላል። ዊሊያም ሄርሸል በ1781 ሦስት ኮከብ መሆኑን ያወቁት ይህ ሥርዓት በድምቀት የተቀራረቡ ሦስት ነጫጭ ነጥቦችን ያሳያል። ሁለቱ በ3 ቅስት ሰከንድ ብቻ ስለሚለያዩ 100 እጥፍና ከዚያ በላይ ማጉላት ያስፈልጋል።

እስከ እኩለ ሌሊት፦ በሰሜን ካስተር፣ በደቡብ ደግሞ ጋማ ቬሎሩም ከፍ ይላሉ። ካስተር በቴሌስኮፕ ሁለት ደማቅና አንድ ደብዛዛ ኮከብ ሆኖ ይታያል፤ እያንዳንዳቸው በቴሌስኮፕ የማይለዩ ጥንዶች ስለሆኑ በአጠቃላይ ስድስት ኮከብ ነው። ጋማ ቬሎሩም በ41 ቅስት ሰከንድ የተራራቀ በመሆኑ በዝቅተኛ ማጉላት ይታያል። ለሚያመሽ ተመልካች በሊዮ ኅብረ ኮከብ ውስጥ ያለው ወርቃማው አልጊኤባ በምሥራቅ ይጠብቃል።

በአንድ ሌሊት ስምንት ወይም አሥር ጥንዶች ከበቂ በላይ ናቸው። ለእያንዳንዱ ሃያ ደቂቃ መስጠት ሠላሳ ጥንዶችን በችኮላ ከማየት ይበልጣል፤ አየሩ ለሰከንዶች የሚረጋባትን ቅጽበት መጠበቅ የሥራው ግማሽ ነው።

በሌሎች ወራት የሚታዩትም ጥቂቶች አይደሉም። በግንቦት መጀመሪያ ሳምንታት ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ አክሩክስ በደቡብ አድማስ ላይ ሲቆም ፖሪማ ወደ አናት ይቀርባል፣ ሚዛርም በሰሜን ይወጣል። ሚዛር ከአልኮር ጋር በባዶ ዓይን የሚታይ ጥንድ ሲሆን በቴሌስኮፕ ሚዛር ራሱ በ14 ቅስት ሰከንድ የተለያዩ ሁለት ከዋክብት ይሆናል። አልፋ ሴንታውሪ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይከተላል። በመስከረም መጨረሻ ከምሽቱ 2 ሰዓት ደግሞ አልቢሬዮ፣ እንዲሁም በባዶ ዓይን የሚለየው አልፋ ካፕሪኮርኒ ይገኛሉ። ኤፕሲሎን ሊሬ በዚያው ሰዓት በሰሜን ምዕራብ ይታያል፤ በባይኖኩላር ሁለት፣ በ100 እጥፍ ማጉላት ደግሞ አራት ኮከብ ነው።

ቴሌስኮፑን ማዘጋጀት

ቴሌስኮፕ ከቤት ሙቀት ወደ ደጋ ብርድ ሲወጣ በውስጡ የሚንቀሳቀሰው ሞቃት አየር ምስሉን ያበላሸዋል። ከምልከታው በፊት ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ውጪ ማቆየት ያስፈልጋል። በፀሐይ ሲግል የዋለ የቆርቆሮ ጣሪያና የሲሚንቶ ወለልም ሙቀታቸውን እስከ ምሽት ስለሚለቁ ሣር ወይም አፈር ላይ መትከልና ከጣሪያ በላይ የሚታዩ ከዋክብትን ማስቀረት ይበጃል።

በሞተር ሰማዩን የሚከተሉ አንዳንድ የቴሌስኮፕ መቆሚያዎች ከሰሜን ኮከብ ጋር መስተካከል አለባቸው። በአዲስ አበባ ይህ ኮከብ ከአድማስ በላይ 9 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ብዙ ጊዜ በሕንፃና በዛፍ ይከለላል፤ በናይሮቢ ደግሞ አይታይም። ለጥንድ ከዋክብት ግን ወደ ላይና ወደ ጎን ብቻ የሚንቀሳቀስ ቀላል መቆሚያ ይበቃል።

አቅጣጫን ለማወቅ ሞተሩን ማጥፋት ብቻ በቂ ነው። ኮከቡ ከእይታ የሚወጣበት ጎን ምዕራብ፣ የሚገባበት ምሥራቅ ነው። ቴሌስኮፑ በጥቂቱ ወደ ሰሜን ሲገፋ አዳዲስ ከዋክብት የሚገቡበት ጎን ሰሜን ይሆናል። በአንዳንድ ቴሌስኮፖች ምስሉ እንደ መስታወት የተገለበጠ ስለሆነ ይህን ማጣራት ሳይደረግ የአቅጣጫ ማዕዘን መመዝገብ ስሕተት ያስከትላል።

መለካትና መመዝገብ

መስመሮች የተቀረጹበት የዓይን ሌንስ ያለው ተመልካች ርቀትን መለካት ይችላል። መጀመሪያ ግን መስመሮቹ ስንት ቅስት ሰከንድ እንደሆኑ መታወቅ አለበት። በሰማይ ወገብ ላይ ያለ ኮከብ በአንድ ሰከንድ 15 ቅስት ሰከንድ ያህል ይጓዛል። ሚንታካ ለሰማይ ወገብ እጅግ ቅርብ ስለሆነ ለዚህ ሥራ ይመቻል፤ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ከመስመሩ አንድ ጫፍ እስከ ሌላው ለመድረስ 40 ሰከንድ ከፈጀበት የመስመሩ ርዝመት 600 ቅስት ሰከንድ ነው። ካሜራ ያላቸው ደግሞ በርካታ አጫጭር ምስሎችን አንሥተው ግልጽ የሆኑትን ብቻ በመምረጥ ይለካሉ።

በልኬት ወቅት ሊጠበቅ የሚገባው ዋና ደንብ የመዝገቡን ቁጥር ቀድሞ አለማየት ነው። ቁጥሩን የሚያውቅ ዓይን ወደዚያው ያዘነብላል። በተለያዩ ሌሊቶች የተወሰዱ ልኬቶች አማካይም ከአንድ ሌሊት ልኬት የበለጠ ይታመናል።

ቀንና ሰዓት በዓለም አቀፍ አቆጣጠር መመዝገብ አለባቸው። በዚህ ረገድ የኢትዮጵያ ተመልካቾች ልዩ ጥንቃቄ ያሻቸዋል። ጥር 17 ሲመለከት አምሽቶ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ልኬት የወሰደ ሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በአብዛኛዎቹ ዓመታት፣ ጃንዋሪ 26 ከሌሊቱ 2 ሰዓት ላይ ነው። ዓለም አቀፉ ሰዓት ግን ከምሥራቅ አፍሪካ በሦስት ሰዓት ስለሚዘገይ መመዝገብ ያለበት ጃንዋሪ 25፣ 23 ሰዓት ነው። ከዚህ በተጨማሪ የቴሌስኮፑ ስፋት፣ የማጉላት መጠኑ፣ የአየሩ እርጋታና የእይታው ንድፍ ይሰፍራሉ። ምንም ካልታየ ይህም መመዝገብ አለበት፤ በ1836 ፖሪማ አንድ ኮከብ መስሎ መታየቱ ራሱ ለምሕዋሩ ስሌት መረጃ ነበር።

የአማተሮች ድርሻ ዛሬ

ጋያ የተባለችው የአውሮፓ መንኮራኩር ከአንድ ቢሊዮን በላይ ከዋክብትን ከለካች ወዲህ የአማተሮች ሥራ ያበቃለት ሊመስል ይችላል። ሆኖም እጅግ ደማቅ ከዋክብት ለመሣሪያዎቿ አስቸጋሪ ነበሩ፤ ተልዕኮዋም የቆየው ለአሥር ዓመት ያህል ብቻ ነው። በመቶ ዓመታት የሚዞሩ ጥንዶችን ምሕዋር ለማወቅ ግን በየዘመኑ የሚቀጥል ልኬት ያስፈልጋል።

በዋሽንግተኑ መዝገብ ውስጥ የመጨረሻ ልኬታቸው አሥርተ ዓመታትን ያስቆጠረ ጥንዶች አሉ። አማተሮች ልኬታቸውን የሚያሳትሙባቸው እንደ የጥንድ ከዋክብት ምልከታ ጆርናል ያሉ መድረኮች ያሉ ሲሆን፣ ተቀባይነት ያገኙ ልኬቶች ወደ መዝገቡ ይገባሉ። በእንጦጦ ተራራ ላይ ያሉትን የአንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች የመሰሉ መሣሪያዎች በአካባቢው ጥቂት ናቸው፤ ለዚህ ሥራ ግን የግቢ ቴሌስኮፕ፣ ደብተርና ትዕግሥት ይበቃሉ።

የካስተር ሁለቱ ደማቅ ከዋክብት አንዱን ዙር ለመጨረስ ከ400 ዓመት በላይ ይፈጅባቸዋል። ማንም ሰው ዙሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አያይም። ዛሬ የሚታወቀው ምሕዋር ከአሥራ ስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በየተራ ሌሊቱን ያመሹ ሰዎች አንዱ ለሌላው ያቆዩት የልኬት ድምር ነው፤ የቀረውን የዙር ክፍል የሚሞሉትም ከእነርሱ በኋላ የሚመጡ ተመልካቾች ናቸው።